ለተማሪ ልጅ ምን ይዘን እንሂድ?

የዓውደ ዓመት ዋዜማ በደረሰ ቁጥር ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሄዱት መኪናዎች ሰው ብቻ አይጭኑም። ዶሮው እግሩን ታስሮ ከመቀመጫው ሥር ይንጫጫል፤ ቅቤውና ሽንኩርቱ ይሸታል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ በቀይና በቢጫ ካርቶን የታሸገ የልጅ መጫወቻ በየሰው ጭን ላይ ተቀምጦ ይታያል። መኪናው የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ የሱሉልታ ሜዳ ወለል ሲል ባለ ስጦታው ሁሉ ካርቶኑን በእጁ ዳበስ ያደርገዋል። ልጁ ሲቀበለው በደስታ እንዴት እንደሚዘል አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናው እያየው ነው።

እኔም ካቻምና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝሁ ገና ጥቂት ወራት ነበር። የእኅቴ ልጅ አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ያለፈ የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፣ አጎትነቴን በሚገባ ላሳየው ብዬ በባትሪ የሚሄድ፣ መብራቱ የሚበራ፣ ከዚያም አልፎ በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ አሥር የሚቆጥር አውቶሞቢል ገዛሁለት። ሻጩ «ትምህርታዊ ነው» አለኝ፤ እኔም የደመወዜን ደኅና ቍራጭ ከፍዬ ትምህርት የገዛሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ሄድሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሠፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። በሁለተኛው ቀን ልጁ ብቻውን አየው። በሦስተኛው ቀን ባትሪው አለቀ፤ መኪናውም ከአልጋ ሥር ገባ። ልጁ ግን ካርቶኑን አንሥቶ ገመድ አሰረለትና ድንጋይ እየጫነ፣ እያራገፈ፣ የተራፊውንም ልጅ ቃል እየተጣራ ከበር እስከ በር ይጎትተው ጀመር። እኅቴ ይህን ስታይ ሳቀችና፣ «ወንድሜ፣ መኪናውስ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩን የቆጠረው መኪናው ነው እንጂ ልጄ አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም አስተማሪው ልጁ ንባብ እንደሚያዳግተው እንደ ነገራት አወራችኝ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ከዚያ በኋላ በሄድሁ ቁጥር ልጁ በር ላይ የሚቀበለኝ «ምን አመጣህልኝ?» በሚል ቃል መሆኑ ነው። ስለ ትምህርቱ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም፤ እኔም አስቀድሜ ጠይቄው አላውቅም ነበርና የሚፈረድበት አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ያለነው ወጣቶች፣ በየኮሌጁም ያሉት ተማሪዎች፣ አብዛኞቻችን በአገር ቤት ወይም በከተማው ዳርቻ የሚጠብቀን አንድ ተማሪ ልጅ አለን። ገንዘባችን ጥቂት ነው። ጥቂት ገንዘብ ደግሞ አሳብ ይፈልጋል።

<b>ስጦታ የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት ሲገባ</b>

የሕፃናትን መጫወቻ ከትምህርት ጋራ በማዛመድ ስሙ በቀደምትነት የሚጠራው ፍሪድሪክ ፍሮበል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትናንሽ ልጆች የሚሆን የትምህርት ድርጅት አቋቋመ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ «ኪንደርጋርተን» የሚባለውንም ስም ያወጣው እሱ ነው። ፍሮበል ለልጆች ያዘጋጃቸውን መሣሪያዎች መጫወቻ ወይም የትምህርት ዕቃ ብሎ አልሰየማቸውም፤ «ስጦታዎች» ብሎ ጠራቸው እንጂ። የመጀመሪያው ስጦታ በልዩ ልዩ ቀለም ከተፈተለ ክር የተሠሩ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ነበሩ። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል፣ ባለ ስድስት ገጽ ኩብና ጥቅል ነበር። ሦስተኛውም ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ኩብ የሚሆኑ ስምንት ትናንሽ ኩቦች ነበሩ።

ከነዚህ ዕቃዎች አንዱም አይጮኽም፤ አንዱም አይበራም። ልጁ ካላነሣቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ቁምነገሩም በዚህ ላይ ነው። ስምንቱን ኩብ ለሁለት ሲከፍል ግማሽን፣ ለአራት ሲከፍል ሩብን በእጁ ዳስሶ ያውቃል፤ ቤት ሠርቶ ሲያፈርስም ሚዛን የሌለው ነገር እንደማይቆም ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ የሕንፃ መሐንዲስ ልጅ ሳለ እናቱ በ1876 በፊላደልፊያ ከተማ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የፍሮበልን ስጦታዎች አይታ ገዝታለት ነበር። አርጅቶ የሕይወቱን ታሪክ በጻፈ ጊዜ የነዚያ እንጨቶች ስሜት ከጣቶቹ እንዳልጠፋ መስክሯል።

ከፍሮበልም በፊት ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የለንደን ካርታ ሠሪ በ1760ዎቹ ካርታን በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ወሰን እየቆረጠ ለልጆች ጂኦግራፊ ማስተማሪያ ሸጧል። ከፍሮበል በኋላም ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ጣልያናዊት ሐኪም በ1907 በሮማ ከተማ በድኾች ሠፈር የልጆች ቤት ከፍታ ልጅ በእጁ እየነካ እንዲማር አድርጋለች። የሦስቱም አሳብ በአንድ ቃል ቢጠቀለል «የልጅ እጅ ሥራ ካላገኘ አእምሮውም ሥራ ፈት ይሆናል» የሚል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ስጦታ ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች ይኖራሉ። አንደኛ፣ የሚሠራው ዕቃው ነው ወይስ ልጁ? ሁለተኛ፣ ዛሬ በአንድ መንገድ ከተጫወተበት ነገ በሌላ መንገድ ሊጫወትበት ይችላልን? ሦስተኛ፣ ለዕድሜውና ለክፍሉ ይስማማልን? አራተኛ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ይኖራልን? ይኸውም ባትሪው ሲያልቅ የሚተካለት አለን? መብራትስ ቢጠፋ ያገለግላልን? ታናናሾቹስ ቢነኩት አይጐዳቸውምን? ያ የእኔ አውቶሞቢል ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱንም አያልፍም ነበር።

<b>ከእጃችን ያለው</b>

የፍሮበልን ኩብ ፍለጋ ጀርመን አገር መሄድ አያስፈልግም። ሱሉልታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ሆና ቤት የሚሠራባት፣ በርና መስኮት የሚገጠምባት ከተማ ናት። ከአንድ አናጢ ዘንድ ገብቶ ከወዳደቀው ቍርጥራጭ ውስጥ ስምንት እኩል ኩቦች እንዲቆርጥና ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልስ መለመን ቀላል ነገር ነው። ልጁን አስከትሎ መሄድ ከተቻለማ ስጦታው ሁለት ይሆናል፤ አናጢው ሲለካ፣ ሲያሰምር፣ ሲቆርጥ ማየት ራሱ ትምህርት ነውና።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው ግን አባቶቻችን ያወረሱንን መርሳታችን ነው። ገበጣን እንውሰድ። እንጨቱ ላይ ጉድጓድ ፈልፍሎ፣ ካልተገኘም መሬቱን ቆፍሮ፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ይዞ መጫወት ነው። ልጁ ጠጠሩን አንሥቶ በየጉድጓዱ ሲያድል የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማስላት አለበት። ይህ መደመር፣ መቀነስና አርቆ ማሰብ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1971 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በሥዕል ደብተር ላይ በውድ ዋጋ የምንፈልገው የሒሳብ መጫወቻ ከአያቶቻችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው። አንድ የገበጣ እንጨት ገዝቶ ለልጁ መስጠትና አያቱ አጨዋወቱን እንዲያስተምሩት መለመን ሽማግሌውንም ልጁንም ያስደስታል።

ጭቃውም እንዲሁ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ላምና በሬውን ከጭቃ ሠርቶ ቀንድ ሲያወጣላቸው ያላየ የለም። «ልብስህን አቆሸሽህ» ብለን ከምንቆጣው ይልቅ ሠርቶ የሚያስቀምጥበት ጣውላ ብናበጅለት ስጦታ ነው። እንቆቅልሹም፣ ተረቱም ዋጋ የማይከፈልባቸው ስጦታዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አርባ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የኖሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የሁለትና የሦስት ትውልድ ሰው አብሮ ያዘነላቸው መኪና ስለ ሰጡ አልነበረም። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለልጆች ጊዜያቸውን ስለ ሰጡ ነው።

<b>ስለ መጽሐፍ</b>

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደ ነበረ ተናግረዋል። በኋላ አሜሪካ አገር ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲያገኙ በአማርኛ የተጻፈ ግን አጡ። ይህ ነገር ከነከናቸው። ስለዚህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የተረት መጽሐፍ አሳትመው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት እየጫኑ ወደ ልጆች ወሰዱ። አንድ ሰው በልጅነቱ ያጣውን ነገር ለሌላው ልጅ ስጦታ ማድረጉ እጅግ የሚያስመሰግን ነው።

መጽሐፍ ስንገዛ ግን የምንሳሳተው ብዙ ጊዜ ነው። ለልጁ ሳይሆን ለራሳችን እንገዛለን፤ ወፍራሙንና ባለ ወርቅ ጽሕፈቱን እንመርጣለን። አስተማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ልጁን አንድ ገጽ አስነብበው ከአምስት የሚበልጥ የማያውቀው ቃል ካጋጠመው ያ መጽሐፍ ገና ለብቻው አልደረሰለትም፤ አንድም ካላጋጠመው ቀሎታል። ያልደረሰለትን መጽሐፍ እናነብለታለን፤ የደረሰለትን ያነብልናል።

በሱሉልታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በ1984 ዓ.ም. የላቲን ፊደል ለአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት ከተመረጠ ወዲህ ብዙው ልጅ በቁቤ ማንበብ ይማራል፤ በአማርኛ የሚማርም አለ፤ እንግሊዝኛውም ከዚሁ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ አጎት ወይም አክስት መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ልጁ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንደ ጀመረ እናቱን ወይም አስተማሪውን መጠየቅ ይገባዋል። አስቀድሞ በሚናገረውና በሚማርበት ቋንቋ የተጻፈውን፣ ከዚያ በኋላ የሌላውን መስጠት ነው። ሁለት ፊደል ማወቅ ለልጅ ሸክም አይደለም፤ ሁለት በር ያለው ቤት ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱን በር በአንድ ጊዜ ክፈት ብለን ብናስጨንቀው አንዱንም ሳይከፍት ይቀራል።

ለአማርኛው ፊደል ገበታ ብቻውን ተገዝቶ ከግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ልጁ እንደ ዜማ ያጠናውና ፊደሉን ከመካከል ነጥለው ሲያሳዩት ይጠፋዋል። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነዚህን በሙሉ በአንድ ቀን ከመደርደር ይልቅ ከፓስታ ካርቶን ትናንሽ ካርዶች ቆርጦ ልጁ ራሱ ፊደሉን እንዲጽፍባቸው፣ በየቀኑም ጥቂቶቹን እየመረጠ የእናቱን ስም፣ የላሟን ስም፣ የሠፈሩን ስም እንዲያቆም ማድረግ ይሻላል። ለቁቤውም ይኸው መንገድ ይሠራል። የዚህ ስጦታ ዋጋ አንድ መቀስና አንድ እርሳስ ነው።

<b>ቀለም፣ ሰዓትና ሩጫ</b>

በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ ልጆች ሥዕል ሥለው ለጎረቤት የመስጠት ልማድ አላቸው። እንዲህ ከሆነ በነሐሴ መጨረሻ ለልጅ ባለ ቀለም እርሳስና ነጭ ወረቀት መስጠት ከዓውደ ዓመቱ ጋራ የሚስማማ ነው። ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ሥለው ይስጡ። ስጦታ የተቀበለ ልጅ መልሶ ስጦታ ሰጪ ሲሆን «ምን አመጣህልኝ?» ማለቱን ይተዋል። ከታተመ ገዝቶ ከሚሰጠው ሥዕል ይልቅ ጠማማ ቢሆንም በገዛ እጁ የሠራው አበባ ይበልጣል።

ሌላው ለሱሉልታ ልጅ እጅግ የሚስማማው ስጦታ ሰከንድ የምትቆጥር ርካሽ የእጅ ሰዓት ናት። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ሯጮቻችን የሚለማመዱባት ቦታ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ሜዳ ሠርቶባታል። ልጆቹ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሯጮቹ በአጠገባቸው ያልፋሉ። እንግዲህ ሰዓት ያለው ልጅ ከዚህ ብዙ ትምህርት ያወጣል። በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ይዘላል? ሳይሮጥና ከሮጠ በኋላ ልቡ ስንት ጊዜ ይመታል? ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ደቂቃ ነው? ትንሽ ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ይህን ያስላ፤ ቀነኒሳ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. በብራሰልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጦ 15 ዓመት የቆየ የዓለም ሬኮርድ አስመዘገበ። አንዱ ዙር 400 ሜትር ከሆነ ስንት ዙር ሮጠ? መልሱ 25 ነው። እያንዳንዱን ዙር በስንት ሰከንድ ሮጠ? 63 ያህል ነው። ልጁ አንድ ዙር ብቻ ሮጦ የራሱን ሰዓት ሲያይ፣ ከማካፈልም ጋራ ከትሕትናም ጋራ ይተዋወቃል።

<b>ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ</b>

ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ማንኛውንም ነገር አንሥቶ መሄድ አደጋ አለው። ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ ያለበት መጫወቻ መክፈቻው በብሎን ያልተጠበቀ ከሆነ አይገዛ፤ ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ትናንሽ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው ልጅ ራሱ ባይውጠው ከሦስት ዓመት በታች ያለው ታናሹ ይውጠዋልና ስንገዛ ቤተሰቡን ሁሉ እናስብ።

ዛሬ ብዙ ሰው ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ስልክ ሆኗል። ስልክ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ ተረትም ትምህርትም ይገኝበታል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ምስል ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ መሆኑን መክሯል። ለተማሪውም ልጅ ቢሆን ስልኩን ሰጥቶ ዞር ማለት «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» እንደሚባለው ነው፤ የሰጠን እንመስላለን እንጂ ራሳችንን ነሥተነዋል።

ከዚህም በቀር የወላጆችን ፊት መመልከት ያስፈልጋል። ደብተር መግዛት ለቸገረው አባት ቤት ውድ መጫወቻ ይዞ መግባት አባትየውን በልጁ ፊት ማሳነስ ነው። አስቀድሞ እናቲቱን «ለትምህርት ቤት ምን ጎድሎታል?» ብሎ በጓዳ መጠየቅ፣ የጎደለው ደብተርና ጫማ ከሆነም ያንኑ ገዝቶ ለወላጁ ሰጥቶ በወላጁ እጅ እንዲደርሰው ማድረግ ጨዋነት ነው። ልጆቹ ብዙ ከሆኑም ለአንዱ ብቻ አይሰጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ጥቂት ጓደኛሞች ተዋጥተን ለጎረቤት ልጆች የሚዞሩ አሥር መጻሕፍት ብንገዛ ከአሥር አውቶሞቢል ይበልጣል።

ገንዘብ ፈጽሞ ለሌለው ተማሪም መንገድ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሱሉልታ በመኪና ሄዶ የሚደረስበት ነው። ልጁን አንድ ቅዳሜ ይዞ ወርዶ ያን ሁሉ መጽሐፍ ማሳየት፣ ሲመለሱም በመንገድ ላይ ስላየው ነገር ማስወራት በካርቶን የማይታሸግ ስጦታ ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ለእኅቴ ልጅ የወሰድሁለት ብዙ አይደለም፤ አንዲት ሰዓት፣ አንድ መቀስ፣ ባለ ቀለም እርሳስና ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ይልቁንም ከወሰድሁለት ጋራ አብሬው መሬት ላይ መቀመጥን ተማርሁ። ንባቡ ገና አልቀናም፤ አንዳንዱን ፊደል አሁንም ያቀያይረዋል። ነገር ግን ባለፈው ገና ስሄድ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ጠበቀኝና «ጋሼ፣ ከአዲሱ ገበያ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለኝ። አልቆጠርሁም ነበርና መልስ አጣሁ። «በሚቀጥለው ቁጠር» ብሎ አዘዘኝ። እኔም ሰዓቴን ማየት ጀምሬአለሁ።